የሞተር መቀመጫ ጎማ በገዛ ግቢ ሲቀየር

ቀይ መብራት ላይ ቆማችሁ፣ ማርሹ ዲ ላይ እንዳለ ፍሬን ስትረግጡ መሪው እጃችሁ ላይ ይንቀጠቀጣል። ወደ ኤን ስትመልሱት ጸጥ ይላል። ጠዋት መኪናዋን ስታስነሡ ከኮፈኑ ሥር አንድ ጊዜ «ጓ» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ከኋላ ማርሽ ወደ ፊት ስትቀይሩም ይደግመዋል። ባለሙያ ብትጠይቁ አንዱ ካንዴላ ነው ይላችኋል፣ ሌላው በካምቢዮ ያስደነግጣችኋል። እንዲህ ያሉ ምልክቶች ሲገጣጠሙ ግን መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ሞተሩን ከሻንሲው ጋር የሚያገናኙት ጎማዎች ናቸው። ዕቃው ርካሽ ባይሆንም ሥራው አያስፈራም። ትዕግሥት ያለው፣ ደህና ክሪክና ደልዳላ ቦታ ያገኘ ሰው በእረፍት ቀኑ በግቢው ውስጥ ሊጨርሰው ይችላል።

ለምሳሌ የምወስደው እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2007 የተሠራውን ቶዮታ ኮሮላ ነው። መንገዱን የሞላ መኪና ስለሆነ ብዙ አንባቢ ያውቀዋል፤ አቀማመጡም ለአብዛኞቹ የፊት ጎማ ነጂ መኪኖች ጥሩ ማሳያ ይሆናል። ቪትዝና ያሪስ ላይ የመቀመጫው ቁጥር ያንሳል፣ አሠራሩ ግን ያው ነው። እንደ ሃይሉክስ ሞተሩ በቁመቱ የተቀመጠበት መኪና ደግሞ ግራና ቀኝ ሁለት፣ ከካምቢዮው ሥር አንድ ይኖረዋል።

ኮሮላው ላይ ሞተሩና ካምቢዮው አንድ ላይ ተገጥመው ወደ ጎን ተቀምጠዋል፤ የያዟቸውም አራት መቀመጫዎች ናቸው። ቀኙ በቺንጋዎቹ በኩል፣ ግራው ከባትሪው ሥር ካምቢዮው ላይ፣ ፊተኛው ከራዲያተሩ ኋላ ዝቅ ብሎ፣ ኋለኛው በሞተሩና በተሳፋሪው ክፍል መካከል ባለው ጠባብ ቦታ። የግራና የቀኙ ሥራ ክብደት መሸከም ነው። የፊትና የኋላው ነዳጅ ሲሰጥ ወይም ማርሽ ሲገባ ሞተሩ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዳይገለበጥ ይይዛሉ። ይህን ልዩነት ልብ በሉት፤ በኋላ የትኛው ቡሎን መጀመሪያ፣ የትኛው መጨረሻ እንደሚጠብቅ የሚወስነው እሱ ነው።

ሞተር ጎማ ላይ መቀመጡ ዛሬ ተራ ነገር ቢመስልም ሁሌ እንዲህ አልነበረም። በመኪና ታሪክ መጀመሪያ ዘመን ብዙ ሞተሮች በቀጥታ ከሻንሲው ጋር ይታሰሩ ስለነበር ንቅናቄያቸው ሁሉ ወደ ተሳፋሪው አጥንት ይገባ ነበር። የክራይስለር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1931 ፕሊመዝ መኪናው ላይ «ፍሎቲንግ ፓወር» በሚል ስም ሞተሩን በጎማ ላይ አንሳፎ ለገበያ አቀረበ፤ የፈረንሳዩ ሲትሮይንም ብዙ ሳይቆይ ፈቃዱን ገዝቶ ተጠቀመበት። የእናንተ ኮሮላ ቀኝ መቀመጫ ከዚያ አንድ እርምጃ አልፎ በውስጡ ፈሳሽ አለው። ፈሳሹ በጠባብ ቀዳዳ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው እየተገፋ ንቅናቄውን ያበርዳል። ፈሳሹ ፈስሶ ካለቀ ጎማው ከውጭ ደህና ቢመስልም መቀመጫው ሞቷል።

በሽታውን ከማከም በፊት

ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ጥፋቱ በእርግጥ እዚህ መሆኑን አረጋግጡ። ማርሹ ኤን ላይ ሆኖም ሞተሩ እየተንገዳገደ የሚዞር ከሆነ ወደ ካንዴላና ወደ ኮይል ተመልከቱ። መንቀጥቀጡ አስፋልት ላይ ፍጥነት ሲጨምር ብቻ የሚመጣ ከሆነ የጎማ ባላንስ ነው። ዲ ላይ ቆሞ የሚንቀጠቀጥ፣ ኤን ላይ የሚረጋ፣ ማርሽ ሲቀየር የሚያንኳኳ ከሆነ ግን ወደ መቀመጫዎቹ ሂዱ።

ሙከራው ቀላል ነው፤ ሆኖም ሁለት ሰው ይፈልጋል። መኪናዋ ደልዳላ ቦታ ትቁም፣ ጎማዎቹ በታኮ ይያዙ፣ የእጅ ፍሬኑ ይሳብ። መሪው ላይ የሚቀመጠው ሰው መንዳት የሚያውቅና የምታምኑት ይሁን። ኮፈኑን ከፍታችሁ በጎን በኩል ቁሙ፤ ፊት ለፊት በፍጹም አትቁሙ። ጓደኛችሁ ፍሬኑን አጥብቆ እንደረገጠ ዲ ያስገባና ነዳጁን ጥቂት ይንካው፤ ከዚያ ወደ ኤን፣ ቀጥሎ ወደ አር። ካምቢዮው በእጅ የሚገባ ከሆነ አንደኛ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን መኪናዋ ልትሄድ እስክትል ድረስ ብቻ ቀስ አድርጎ ይልቀቅ። ጤነኛ ሞተር ትንሽ ዘንበል ብሎ ይመለሳል። ብዙ ጣት ያህል የሚነሣ፣ ወይም ተነሥቶ ሲወድቅ ብረት ከብረት ሲጋጭ የሚሰማ ከሆነ ጥርጣሬያችሁ ልክ ነው።

ከዚያ ሞተሩን አጥፉና በባትሪ መብራት አንድ በአንድ እዩ። ጎማው ከብረቱ ተላቅቋል? በመካከሉ የተሰነጠቀ መስመር አለ? ከቀኙ መቀመጫ ሥር ጥቁር ፈሳሽ ወርዶ አቧራ ይዞ ደርቋል? ሞተሩ በአንድ በኩል ሰጥሟል? ላይ ላዩን የሚታይ ጭረት ብቻውን የሞት ፍርድ አይደለም፤ ያረጀ ጎማ ሁሉ ፊቱ ይሰነጠቃል። የሚያሳስበው ጣት የሚያስገባ ክፍተትና ከብረቱ የተለየ ጎማ ነው።

እግረ መንገዳችሁን ዘይት ፈልጉ። ከቴስታታው ክዳን ጓርኒሲዮን የሚያመልጥ ዘይት በሞተሩ ጎን እየወረደ መቀመጫው ላይ ሲንጠባጠብ ጎማው ያብጣል፣ ይላሽቃል፣ ይበጣጠሳል። እንዲህ ከሆነ መጀመሪያ ፍሳሹን አስቁሙ። ያለዚያ አዲሱም ያንኑ ዘይት ጠጥቶ በአሮጌው መንገድ ይሄዳል።

አንድ መቀመጫ ከሞተ በኋላ ብዙ መንዳትም አይበጅም። የእሱን ድርሻ የቀሩት ሦስቱ ስለሚሸከሙ እነሱም ይከተሉታል። ሞተሩ ከሚገባው በላይ ሲወዛወዝ ደግሞ የማርሚታውን ተጣጣፊ ክፍል፣ የራዲያተር ጎማዎችንና ወደ ፊት ጎማ የሚሄዱትን ዘንጎች ያንገላታል። ማርሚታው እየተሰነጠቀ ደጋግሞ የሚበየድለት ሰው አንዳንዴ ችግሩ ማርሚታው ላይ አይደለም።

ዕቃው

ዕቃ ልትገዙ ሶማሌ ተራ ስትሄዱ ሊብሬውን ወይም የሻንሲ ቁጥሩን ያዙ። ኮሮላ ሁሉ አንድ አይደለም፤ የሞተሩ ዓይነትና ካምቢዮው አውቶማቲክ ወይም ማንዋል መሆኑ መቀመጫውን ይለውጠዋል። ቶዮታ ለዕቃዎቹ በሚሰጠው ቁጥር የመጀመሪያዎቹ አምስት አሃዞች የዕቃውን ማንነት ይናገራሉ፦ 12305 የቀኙ፣ 12372 የግራው፣ 12361 የፊተኛው፣ 12371 የኋለኛው መቀመጫ ነው። ከሰረዙ በኋላ ያለው ቁጥር ሞዴሉን ይለያል። አሮጌው ላይ ቁጥሩ የሚነበብ ከሆነ ፎቶ አንሡት።

ነጋዴው ሦስት ዓይነት ያቀርብላችኋል፦ ኦርጅናል፣ ቅጂ፣ ያገለገለ። ያገለገለውን ተዉት። የሞተር ብሎክ ወይም በር ያገለገለ ቢገዛ ያስኬዳል፤ ጎማ ግን በዕድሜም በሙቀትም ስለሚያረጅ ከሌላ መኪና የወጣ መቀመጫ መግዛት የሌላውን ሰው ችግር በገንዘብ መግዛት ነው። ከቅጂ ውስጥ ደህና አለ፣ ጨርሶ የማይረባም አለ። ጎማው እንደ እንጨት የደረቀውን አትውሰዱ፤ ከአሮጌው በላይ ያንቀጠቅጣችኋል። የቀኙን ኦርጅናል፣ የቀሩትን ደህና ቅጂ መግዛት ለኪስም ለመኪናም የሚስማማ መንገድ ይመስለኛል። ፈሳሽ ያለበትን መቀመጫ ደህና አድርጎ መሥራት ከባድ ስለሆነ ገንዘባችሁን እዚያ ላይ አውሉት።

ከአሮጌ የመኪና ጎማ ቆርጦ ክፍተቱን መጠቅጠቅም አለ። ለጊዜው ማንኳኳቱን ያቆማል፤ ንቅናቄውን ግን በሙሉ ወደ ዳሽቦርዱ ያስገባዋል። ለእሽቅድምድም የሚሸጡት ጠንካራ የፖሊዩሬቴን መቀመጫዎችም ለከተማ መኪና ያው ናቸው። መኪናዋን ሸጬ ልገላገል ካላላችሁ በቀር ሁለቱንም አልመክርም፤ ያኔም ቢሆን ለገዢው እዘኑለት።

ስንቱን መቀየር? የሞተውን መቀየር ግዴታ ነው። የፊትና የኋላው ተጋግዘው የሚሠሩ ስለሆኑ አንዱ ከተበጠሰ ሁለቱንም ቀይሩ። አቅም ከፈቀደና መኪናዋ ከፋብሪካ ከወጣች ጀምሮ ያልተነኩ ከሆኑ አራቱን አንድ ላይ መጨረስ ያሳርፋል።

ከመኪናው ሥር ከመግባታችሁ በፊት

የሚያስፈልጋችሁ ዕቃ ይህ ነው፦ ባለጎማ የሃይድሮሊክ ክሪክ፣ ቢያንስ ሁለት የብረት ስታንድ፣ ሁለት ታኮ፣ ከ10 እስከ 19 ያሉ ቡሶላዎች ከረጅም እጀታና ከማራዘሚያ ጋር፣ ተመሳሳይ ቁጥር ያላቸው ቁልፎች፣ ቶርክ ሬንች፣ ረጅም የብረት ማንሻ፣ ዝገት የሚያላቅቅ ስፕሬይ፣ የብረት ብሩሽ፣ አራት ወይም አምስት ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ። ቶርክ ሬንች ከሌላችሁ ተዋሱ። መኪናዋ ይዛው የመጣችው ትንሿ ክሪክ ለጎማ ቅየራ እንጂ ሞተር ለመደገፍ አትሆንም።

ቦታው ሲሚንቶ ይሁን። ኮብልስቶን ላይ ክሪኩ ይንሸራተታል፣ አፈር ላይ በተለይ በክረምት ስታንዱ ይሰምጣል። የኮንዶሚኒየም መኪና ማቆሚያ ደልዳላ ከሆነ ያገለግላል፤ ልጆች የሚጫወቱበት ከሆነ ግን ሌላ ቦታ ፈልጉ።

አሁን የምለው ከጽሑፉ ሁሉ ይበልጣል። ክሪክ ያነሣል እንጂ አይሸከምም። በክሪክ ብቻ ከተያዘ መኪና ሥር እጃችሁም ሆነ ራሳችሁ አይግባ። ስታንድ በሌለበት ብሎኬት መደርደር የለመደ ሰው ብዙ ነው፤ ብሎኬት ውስጡ ባዶ ስለሆነ ሳያስጠነቅቅ በአንድ ጊዜ ይደቅቃል። ድንጋይም እንዲሁ ይንሸራተታል። ስታንድ ካላገኛችሁ ሥራውን ለሌላ ቀን አድርጉት።

ከሥራው ቀን በፊት ባለው ማታ ቡሎኖቹን በብረት ብሩሽ አጽድታችሁ ስፕሬዩን ንፉባቸው። ሌሊቱን ይሥራበት። ጠዋት ሞተሩን አታስነሡ፤ ቀዝቃዛ ሞተር ላይ መሥራት ጣትም አያቃጥል፣ ማራገቢያውም በድንገት አይነሣ። መጀመሪያ የባትሪውን ኔጋቲቭ አላቁ። ከመፍታታችሁ በፊት ሁሉንም ፎቶ አንሡ፤ መቀመጫው የሚያርፍበትን ጠርዝ በጠመኔ ወይም በቀለም አስምሩ። ቡሎኖቹ ርዝመታቸው ስለሚለያይ እያወጣችሁ በየመቀመጫው ስም ለያይታችሁ አስቀምጡ።

የሞተሩን ክብደት መያዝ

ሥራው ቡሎን መፍታት ይመስላል፤ ዋናው ችሎታ ግን በየደቂቃው የሞተሩ ክብደት የት እንዳለ ማወቅ ነው። ስለዚህ በአንድ ጊዜ አንድ መቀመጫ ብቻ ይፈታል። አዲሱ ገብቶ ቡሎኖቹ ሳይያዙ ሌላውን አትንኩ። አራቱንም ፈትቶ አራቱን ለመግጠም የሚነሣ ሰው በክሪክ አናት ላይ ከመቶ ኪሎ በላይ የሆነ ብረት ሚዛን ሲጠብቅ ይውላል።

የመኪናዋን አፍንጫ በክሪክ አንሥታችሁ መመሪያው በሚያሳየው ጠንካራ የሻንሲ ቦታ ላይ ሁለቱን ስታንዶች አስገቡ። ቀስ ብላችሁ አውርዷት፣ በእጃችሁ ገፋ ገፋ አድርጋችሁ መርጋቷን ፈትሹ። የኋላ ጎማዎቹ በታኮ፣ የእጅ ፍሬኑ በሙሉ። አሁን ክሪኩ ነፃ ወጥቷል፤ ከዚህ በኋላ ሥራው ሞተሩን መደገፍ ብቻ ነው።

ቀኙን ስትፈቱ ክሪኩ ከዘይት ኮፓው ሥር ይገባል፤ በመካከል ጣውላው የግድ ነው። ኮፓው ቀጭን ቆርቆሮ ከሆነ ያለጣውላ ወዲያው ይጎደጉዳል፤ ውስጡ ያለው የዘይት መምጠጫ ጎድጓዳው ላይ ከተጣበቀ ደግሞ ሞተሩ ዘይት ይጠማዋል። ጣውላው ሰፋ ብሎ ወደ ኮፓው ጠርዝ ይረፍ፤ የዘይት ማፍሰሻው ቡሎን ላይ አታሳርፉት።

አሁን ክሪኩን ቀስ በቀስ ጨምሩ፣ ዓይናችሁ መቀመጫው ላይ ይሁን። ተጨፍልቆ የነበረው ጎማ ጥቂት ሲላላ ታያላችሁ። እዚያ ላይ አቁሙ። ሞተሩን ማንሣት አትፈልጉም፣ ክብደቱን መቀበል ብቻ ነው የምትፈልጉት። ትርፍ አንድ ሁለት ምት ክሪክ የራዲያተር ጎማን ይለጥጣል፣ የኤሲ ቧንቧን ያጎብጣል፣ ማርሚታውን ይጎትታል።

ቀኙ መቀመጫ

ከላይ የሚሠራው ይህ ስለሆነ በእሱ መጀመር ደስ ይላል። በዙሪያው ያሉትን የፈሳሽ ጋኖች፣ የመሪ ዘይቱንና የራዲያተር መጠባበቂያውን፣ ጎማቸውን ሳትነቅሉ ፈትታችሁ ወደ ጎን ገለል አድርጓቸው። አሁን መቀመጫው በሙሉ ይታያል፦ በአንድ በኩል አካሉን ይዟል፣ በሌላ በኩል ከሞተሩ የወጣ ክንድ አርፎበታል።

ቡሎኖቹንና ዳዶዎቹን በእጀታው አንድ በአንድ አላሉ፤ ሁሉም ከላሉ በኋላ ነው የምታወጧቸው። አንድ ጠቃሚ ምልክት ልንገራችሁ። ከላላ በኋላ በጣት የሚዞር ቡሎን ክብደቱ በትክክል ክሪኩ ላይ እንዳለ ይነግራችኋል። ተነክሶ በቁልፍ ብቻ የሚዞር ከሆነ ሞተሩ ወይ ከፍ ወይ ዝቅ ብሏል ማለት ነው፤ ክሪኩን በጥቂት ሚሊ ሜትር አስተካክሉና እንደገና ሞክሩ። ቡሎኑ እስኪቀላችሁ ድረስ እንዲህ ተጫወቱ። ይህን የለመደ እጅ ቀሪዎቹን ሦስቱን በቀላሉ ይፈታል።

አሮጌውን አውጡና ከአዲሱ ጎን መሬት ላይ አስቀምጡት። የቀዳዳዎቹ ርቀት፣ የወጣው ዘንግ ርዝመት፣ የብረቱ ውፍረት አንድ መሆን አለበት። የቁመት ልዩነት ካለ አትደናገጡ፤ ያለቀው ጎማ ስለሚሰጥም አዲሱ ከፍ ይላል። የቀዳዳ ልዩነት ካለ ግን ዕቃው የእናንተ አይደለም፤ በፋይል ሞርዶ ማስገባት የለም፣ መልሱት። አዲሱ ላይ ቀስት ወይም የአቅጣጫ ምልክት ካለ ተከተሉት።

የሚያርፍበትን ብረት ከዝገትና ከዘይት አጽዱ። አዲሱን አስቀምጡና ሁሉንም ቡሎን በጣት ብቻ አስገቡ። ሦስት አራት ዙር በጣት ያልሄደ ቡሎን በቁልፍ አይነካ። የሞተሩ ክንድ ብዙ ጊዜ አሉሚኒየም ስለሆነ ተጣምሞ የገባ ብረት ጥርሱን ይበላዋል፤ ያኔ የአንድ መቀመጫ ሥራ የክንድ ሥራ ይሆናል። ቀዳዳው አልገጥም ካለ ክሪኩን ጥቂት ከፍ ወይም ዝቅ አድርጉ፤ ወደ ጎን ከሆነ የጎደለው በማንሻው ሞተሩን ገፋ አድርጉ። ሁሉም ከገቡ በኋላ ለዘብ አድርጋችሁ አጥብቁ። የመጨረሻውን ማጥበቅ ለኋላ አቆዩት።

አንዳንድ መኪና ላይ ከዚህ መቀመጫ ወይም ከጎኑ የማሳ ሽቦ ይነሣል። ረስቶት የዘጋ ሰው ሞተሪኖው ለምን እንደደከመ ሲመራመር ይከርማል።

ግራው፣ ፊተኛው፣ ኋለኛው

ግራው ከባትሪው ሥር ነው። ባትሪውንና ማስቀመጫውን አንሡ፤ የአየር ማጣሪያው ሳጥንም ቦታ የሚከለክል ከሆነ ይነሣ። ክሪኩ ከነጣውላው ወደ ካምቢዮው ሥር ይዛወር፣ የቀኙ አሠራር ይደገም። ከሁሉም የሚቀለው ይህ ነው።

ፊተኛው ከታች ይሠራል። የፕላስቲክ የሥር ሽፋኑን አንሡ፤ ክሊፖቹ ያረጁ ከሆነ ይሰበራሉና መለዋወጫ ይኑራችሁ። ይህ መቀመጫ በመካከሉ ረጅም ቡሎን የሚያልፍበት ነው። ክሪኩ ሞተሩን እንደያዘ ረጅሙን ቡሎን አውጡ፣ ቀጥሎ ከሥሩ ካለው ብረት ጋር የያዙትን ፍቱ።

ኋለኛው ያስቸግራል። ከላይ እጅ አያስገባም፣ ከሥር ደግሞ የማርሚታው ቧንቧና የመሪው ዕቃ ይጋረጣሉ። ማራዘሚያና ተጣጣፊ የቡሶላ አንገት የሚፈለገው እዚህ ነው። አንዳንድ መኪና ላይ የፊተኛውን የማርሚታ ክፍል ማውረድ ግድ ይላል፤ የባሰ ሲሆን ሞተሩ ያረፈበትን የሥር ብረት ዝቅ ማድረግ ይጠይቃል። እናንተ ዘንድ እንዲህ ከሆነ ለጋራዥ መስጠት ነውር የለውም። ሦስቱን ራሳችሁ ሠርታችሁ አንዱን ብቻ ማሠራት ሙሉውን ከማሠራት ይሻላል። ዝገት የያዘውን ቡሎንም በጉልበት አትታገሉት፤ ስፕሬይ ጨምሩ፣ ጠብቁ፣ ወደ ማጥበቅ አቅጣጫ ጥቂት ነክታችሁ መልሱት። አናቱ ከተቆረጠ ወጪው ከመቀመጫው ይበልጣል።

ማጥበቅ

ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ነው። መሐል ለመሐል ቡሎን የሚያልፍባቸው የፊትና የኋላ መቀመጫዎች ሞተሩ በክሪክ ከፍ ብሎ እያለ ከጠበቁ ጎማቸው ተጠምዝዞ ይታሰራል። ሞተሩ ሲወርድ ጎማው ገና ሥራ ሳይጀምር ተወጥሯል፤ መንቀጥቀጡ አይጠፋም፣ ዕድሜውም ያጥራል። አዲስ መቀመጫ አስገብቶ «አልረባኝም» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ዕቃውን ሳይሆን አጠባበቁን መውቀስ ነበረበት።

ስለዚህ ሁሉም በቦታው ከገባ በኋላ ክሪኩን ሙሉ በሙሉ አውጡ፤ ሞተሩ በራሱ ክብደት ይረፍ። የፊትና የኋላው ረጃጅም ቡሎኖች ገና ልል ናቸው። ሞተሩን በሁለት እጅ ይዛችሁ ደጋግማችሁ አወዛውዙት፤ የሚመቸውን ቦታ ራሱ ያገኛል። ከዚያ መጀመሪያ ክብደት ተሸካሚዎቹን ቀኙንና ግራውን፣ ቀጥሎ የፊተኛውንና የኋለኛውን በቶርክ ሬንች አጥብቁ። በዚህ መጠን ባሉ መኪኖች አብዛኛው የመቀመጫ ቡሎን ከ50 እስከ 80 ኒውተን ሜትር ውስጥ ይወድቃል፤ እናንተ ግን የመኪናችሁን መመሪያ ቁጥር ለእያንዳንዱ ቡሎን ፈልጉ። ጥርሱ ንጹሕና ደረቅ ይሁን። ዘይት የተቀባ ቡሎን ሬንቹ ከሚያሳየው በላይ ይጠብቃልና «እንዳይዝግ» ብላችሁ አትቀቡት።

ማስነሣት

ባትሪውን ከመመለሳችሁ በፊት የተረፈ ቡሎንና ሮንዴላ መሬት ላይ ፈልጉ፤ ፎቶዎቹንም ከሞተሩ ጋር አስተያዩ። መኪናዋን ከስታንድ አውርዱና አስነሡ። ባትሪ ስለተነቀለ ሞተሩ ለጥቂት ደቂቃ ነዳጅ ሳይረገጥ ሲዞር ከፍ ዝቅ ሊል ይችላል፤ ይህ ኮምፒውተሩ ራሱን ሲያስተካክል ነው። ፍሬን ረግጣችሁ ዲ፣ ከዚያ አር አስገቡ። ማንኳኳቱ መጥፋት አለበት።

ጥቂት መንቀጥቀጥ ከቀረ አትደንግጡ፤ አዲስ ጎማ በመጀመሪያ ደረቅ ይላል። ከበፊቱ የባሰ ከሆነ ግን በቅደም ተከተል ፈልጉ። ማርሚታው የሥር ብረት ነክቷል? ረጃጅሞቹን ቡሎኖች አላልታችሁ፣ ሞተሩን እንደገና አሳርፋችሁ አጥብቃችሁ ሞክራችኋል? ሁለቱም ደህና ከሆኑ የገዛችሁት ቅጂ ደረቅ ነው፤ እሱን የሚያስተካክል ቁልፍ የለም።

የሙከራ መንገዳችሁ ዳገትም ጉብታም ያለው ይሁን። ተመልሳችሁ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ በመብራት ዙሪያውን እዩ፤ የሚነካካ ጎማ፣ የተጎተተ ሽቦ፣ አዲስ የዘይት ጠብታ ካለ አሁን ነው የሚታየው። አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ከነዳችሁ በኋላ ቡሎኖቹን በቶርክ ሬንቹ አንድ ጊዜ ድገሟቸው፤ ያኔ የሥር ሽፋኑን ክሊፖችም ተመልከቱ፣ አንዱ ከላላ መንገድ ላይ ይዛችሁት የምትመጡት የተንጠለጠለ ፕላስቲክ ነው።